ራጅ አንሺዋ ካሜራ ስትገዛ

ቀን ቀን የማነሳው የሰው አጥንት ነው፤
የጎድን፣ የቁርጭምጭሚት፣ የተሰበረው፣ የዳነው።
ከእርሳስ ግድግዳ ኋላ ሆኜ «አየር ሳቡ፣ ያዙ» ብዬ፣
አሥራ አንድ ዓመት ይህ ነው እንጀራዬ።
ደረት አይቻለሁ በሺህ የሚቆጠር፣
ፊት ግን አንስቼ አላውቅም ነበር።

መጋቢት ማለቂያ፣ ዊኒፔግ ነጭ ካፖርቷን ገና ሳታወልቅ፣
ሰልከርክ ጎዳና፣ አሮጌ ዕቃ መደብር ገባሁ፣ ዋጋ ልጠይቅ።
ባለቤቲቱ ኦሪሲያ፣ መነጽሯን በጫማ ክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣
ጉልበቷን እያሸች ከወንበሯ ሳትነሳ «ምን ልስጥሽ?» አለች።
ስሜን ብላት ትብለጽ፣ አልያዘላትም፤ «ቲቢ» አለችኝ፤
አሥራ አንድ ዓመት በሰው ደረት ስፈልገው የኖርኩት፣ ስም ሆነኝ።

«ካሜራ» አልኳት።
«የምን ካሜራ?»
«የጀማሪ። ፊልም የሚጎርስ። ብዙ የማያውቅ፣ እንደኔ።»

ከመስታወቱ ሥር ሦስት አውጥታ ደረደረች፣
እንደ ዶሮ ነጋዴ እያገላበጠች።
አንዱ ሰማያዊ፣ የዓሣ ዓይን ያለው፣
ዓለሙን በሙሉ ድቡልቡል የሚያደርገው።
አንዱ ባለ አራት ዓይን፣ በአንድ ጠቅታ አራቴ የሚያይ፤
አንዴ በቅጡ ላላየሁት ለእኔ፣ አራቱ ትርፍ አይደለም ወይ?
ሦስተኛው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሌንሱም ሆዱም፣
እንደ ባዶ ሳሙና ማስቀመጫ የቀለለ፣ ቢወድቅ የማያስደነግጥ ማንንም፤
ወገቡ በፕላስተር ተጠምጥሟል።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»
«ብርሃን ያፈሳል።»

ደነገጥኩ። እኛ ቤት ጨረር ካፈሰሰ
በር ይዘጋል፣ ስልክ ይደወላል፣ ሪፖርት ይጻፋል።
እሷ እቴ! «በሁለት ሳንቲም ፕላስተር ይደፈናል፤
ሁሉን አትድፈኚው ታዲያ፤ ትንሽ ሲያፈስ ያምርበታል።»

ፀሐይና ደመና የተሳለበት አንዲት ትንሽ ማንሸራተቻ፣
«ይቺስ?» ብላት፣ «እሷ ውሸቷን ነው፤ ለይስሙላ ብቻ፣
እንደ ከተማችን የአየር ትንበያ።»

ርቀቱ በቁጥር አይደለም፤ ሥዕል ነው በሌንሱ ዙሪያ፦
አንድ ሰው፤
ሦስት ሰው፤
ብዙ ሰው፤
ከዚያ ተራራ።
«ተራራ?» በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ።
ከዚህ እስከ ሰማይ ጠርዝ እግር የሚያደናቅፍ ጉብታ የለም፤
አገሩ እንደ ተለሰነ ወለል ተኝቷል።
«ሩቅ ማለቱ ነው» አለች። «ለሱ፣ ሩቅ ነገር ሁሉ ተራራ ነው።»

ሃያ ሁለት ዶላር፤ ፊልሙ ለብቻ።
«ለምን ይሄን?» አለችኝ።
«የሥራ ቤቴ ማሽን የአንድ ቪላ ዋጋ ያወጣል፤
የሚሳሳት ዕቃ ኖሮኝ አያውቅም። ይሄ ይሳሳታል።»

«አየር ሳቢ፣ ያዢ» ልላት ነበር እንደ ልማዴ፤ ተውኩት።
እየሳቀች፣ እየተወዛወዘች፣
ከወንበሯ ሳትነሳ አነሳኋት።

ወጥቼ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ቀዩ ወንዝ በረዶው ሊሰነጠቅ ያቃስታል።
ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ፣ ተራራው ላይ አዞርኩና ጠቅ አደረግሁ፤
ፊልሙን ማዞሩን ረስቼ።

አጣቢው ሁለት ሳምንት አቆየው።
ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ ባዶ፤ ለካ ክዳኑን አልከፈትኩም!
አንዱ አውራ ጣቴ ነው፣ እንደ ጨረቃ የገዘፈ።
አውቶቡስ ይሁን ዝሆን ያልለየሁትም አለ።

አንዷን ግን ራጅ ክፍል ወሰድኳት፤
ከሰው ሁሉ በኋላ፣ መብራቱ ሰሌዳ ላይ ሰቀልኳት።
ኦሪሲያ ትስቃለች። በደረቷ ውስጥ ወንዙ ተጋድሟል፤
የበረዶው ስንጥቅ፣ ግራና ቀኝ፣ የጎድን አጥንት ሆኗል።
ዓይኔ አመሉ ነው፤ ጥላ ፈለገ፣ ስብራት ፈለገ፣
ከላይ እስከ ታች፣ ሁለቴ።
ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ሪፖርቱንም በጀርባዋ ጻፍኩ፦

ሴት። ሰባ ስምንት ዓመት።
በደረቷ ውስጥ በረዶ እየቀለጠ ነው።
በግራ ጥግ ብርሃን ያፈሳል፤ አልተደፈነም።
አንሺ፦ ቲቢ።